አጓትን በሜምብሬን ስናጠልል የማለፍ ፍጥነቱ ለምን ይወድቃል?

ጠያቂ፦ ቺዝ ክፍል፣ ቢሾፍቱ

ጤና ይስጥልኝ። ቢሾፍቱ አካባቢ በሚገኝ መካከለኛ የወተት ማቀነባበሪያ ውስጥ የቺዝ ክፍሉን እመራለሁ። ከምንቀበለው ወተት የሚበዛው ፓስቸራይዝ ተደርጎ በከረጢት ለገበያ ይወጣል፤ ጾም ሲገባ ግን፣ በተለይ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ ወተት ፈላጊ ስለሚቀንስና ላሞቹ ደግሞ መታለባቸው ስለማይቀር የተረፈውን ወደ ሞዛሬላ፣ ወደ ቅቤና ወደ አይብ እናዞረዋለን። አጓት የሚበዛብንም ያኔ ነው። ከ100 ሊትር ወተት ሞዛሬላ ሲወጣ 90 ሊትር ያህል አጓት ይቀራል፤ ቅቤው ከወጣ በኋላ አሬራውን አሙቀን አይብ ስናወጣም እንዲሁ ብዙ አጓት ይተርፈናል። ከዚህ ቀደም የተወሰነውን ከብት አድላቢዎች በጀሪካን ይወስዱልን ነበር፤ ቀሪው ከግቢው ጀርባ ባለው ቦይ ይፈስ ነበር። ሁለት ቀን ፀሐይ ሲያገኘው የሚያወጣውን ሽታ አውቀዋለሁ፤ ጎረቤቶቻችንም መጥተው ነግረውናል፣ እውነታቸውን ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ያገለገለ አነስተኛ የአልትራፊልትሬሽን ማሽን፣ ማለትም ፈሳሽን በግፊት እጅግ ደቃቅ ቀዳዳ ባለው ስስ ሽፋን (ሜምብሬን) የሚያጠልል ማሽን፣ የገዛነው ለዚህ ነው። ከፖሊኢተርሰልፎን የተሠሩ ሁለት ጥቅል ሜምብሬኖች አሉት፤ የመለያ መጠናቸው (ከዚህ የሚከብዱ ሞለኪውሎችን የሚያስቀሩበት ልክ) 10,000 ዳልተን፣ ጠቅላላ ስፋታቸው ደግሞ 12 ካሬ ሜትር ነው። ያሰብነው የአጓቱን ፕሮቲን አሰባስበን ከውጭ በሚገባው የወተት ዱቄት ፈንታ ለእርጎ ማወፈሪያ ለማዋል ነበር።

አሠራራችን እንዲህ ነው። 1,200 ሊትር አጓት በ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ3 ባር ግፊት እናስገባለን። መጀመሪያ ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር በሰዓት 36 ሊትር ያህል ያልፋል፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ወደ 13 ይወርዳል። ግፊቱን ወደ 5 ባር ስናነሣው ለአሥር ደቂቃ ያህል ይሻሻልና መልሶ 10 ላይ ይቆማል። በሦስት ሰዓት ማለቅ የነበረበት ሥራ እስከ ማታ ይዘልቃል። ማሽኑን በኮስቲክ ሶዳና በጉድጓድ ውሃ እናጥበዋለን፤ በማግሥቱ ግን በንጹሕ ውሃ ስንፈትነው አዲስ ሳለ ያሳልፍ ከነበረው ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ባለፈው ሳምንት ከጥቅሎቹ አንዱን አውጥቼ ጫፉን አየሁት፦ ነጣ ያለ፣ በጣት ሲነካ እንደ ቀጭን እርጎ የሚያሙለጨልጭ ነገር ለብሷል፤ እሱን ስጠርገው ደግሞ ከሥሩ በጥፍር ሲፋቅ እንደ ደቃቅ አሸዋ የሚሻክር ሌላ ሽፋን አገኘሁ።

ማሽኑን የሸጠልን ሰው መልስ «ግፊት ጨምሩ፤ ካልሆነም አዲስ ሜምብሬን ግዙ» የሚል ነው። እኔ ግን ምክንያቱን ሳላውቅ ሌላ ገንዘብ ማውጣት አልፈልግም። ከሙቀት፣ ከግፊትና ከአሲድነት አስቀድሜ የትኛውን ላስተካክል? አልፎ የሚወጣውን ጥርት ያለ ቢጫማ ፈሳሽ ላቦራቶሪ ልከን ናይትሮጅን ስለተገኘበት ደግሞ ፕሮቲናችን በዚያ በኩል እያመለጠ እንዳይሆን ሰግቻለሁ።

መልስ፦ የምግብ ምህንድስና መምህር

ጥያቄዎን ከነቁጥሩ በዝርዝር ስላቀረቡ አመሰግናለሁ። በተለይ ስለ ሁለቱ ሽፋኖች የጻፉት ትልቅ ፍንጭ ነው፤ ወደ እርሱ እመለስበታለሁ።

ከሁሉ በፊት ግፊት መጨመሩን ይተዉ። ሜምብሬንን እንደ ወንፊት ብቻ ማሰብ ያሳስታል። ፈሳሹ ወደ ሜምብሬኑ ሲገፋ ውሃው፣ ላክቶሱ (የወተቱ ስኳር) እና ጨዎቹ ያልፋሉ፣ ፕሮቲኑ ግን ከገጹ ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ ከገጹ ጋር ተጠግቶ ያለው የፕሮቲን መጠን በመካከል ከሚፈሰው እጅግ ይበልጣል። ይህን ክምችት እየጠረገ ወደ መካከል የሚመልሰው በሜምብሬኑ ገጽ ላይ በጎን የሚሮጠው ፍሰት ነው። ግፊቱ መጠነኛ እስከሆነ ድረስ ግፊት በጨመርን ቁጥር የሚያልፈው ይጨምራል፤ ከአንድ ደረጃ በኋላ ግን የጨመርነው ግፊት ክምችቱን ጨምቆ ወደ ጄል ከመለወጥ በቀር የሚያመጣው ነገር የለም። በ5 ባር ለአሥር ደቂቃ ተሻሽሎ ከቀድሞው በታች መውረዱም ይህንኑ ይናገራል። ግፊቱን ወደ 2 ባር ያውርዱት፤ የማዞሪያ ፓምፑን ፍሰት ደግሞ አምራቹ እስከፈቀደው ድረስ ከፍ ያድርጉት። በዝቅተኛ ግፊት ጀምሮ ቀስ እያሉ መጨመር በከፍተኛ ጀምሮ ከመቀነስ በብዙ ይሻላል፤ አንዴ የተጨመቀ ሽፋን ግፊቱ ስለቀነሰ ብቻ አይፈታምና።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። የውሃ ውፍረት፣ ማለትም ለመፍሰስ ያለው እምቢታ፣ በ10 ዲግሪ 1.31 ሚሊፓስካል ሴኮንድ ሲሆን በ50 ዲግሪ 0.55 ይሆናል። ሌላው ሁሉ ባለበት ቢቆይ በ50 ዲግሪ የሚያልፈው ፈሳሽ በ10 ዲግሪ ከሚያልፈው ከእጥፍ በላይ ነው ማለት ነው። ለፖሊኢተርሰልፎን ጥቅሎች የሚመረጠው 50 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከ55 በላይ ግን ሙጫውና የመለያ መረቡ ስለሚጎዱ አይሞከርም። የእርስዎ 45 ዲግሪ ከዚህ የራቀ ባይመስልም ትልቅ ልዩነት አለው፤ ለሞዛሬላ የምንጠቀምባቸው ሙቀት ወዳድ እርሾዎች ከ40 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይፋፋማሉ። አጓቱ ውስጥ በሕይወት ያሉ ከሆነ በማሽኑ ውስጥ ሲዞሩ አሲድ ማምረታቸውን ይቀጥላሉ፤ ስለዚህ ሲጀምሩ የለኩት አሲድነት ሲጨርሱ አይገኝም።

ስለ ናይትሮጅኑ አይስጉ። በአጓት ውስጥ ከሚገኘው ጠቅላላ ናይትሮጅን ሩብ ያህሉ ከእውነተኛ ፕሮቲን ሳይሆን ከዩሪያ፣ ከአሚኖ አሲዶችና ከጥቃቅን ፔፕታይዶች የሚመጣ ነው፤ እነዚህ በማንኛውም የአልትራፊልትሬሽን ሜምብሬን ያልፋሉ። ዋናዎቹን ፕሮቲኖች ስናይ ቤታላክቶግሎቡሊን 18,300 ዳልተን ያህል ይመዝናል፣ አብዛኛውን ጊዜም ሁለት ሁለት ሆኖ ይሄዳል፤ አልፋላክታልቡሚን 14,200 ዳልተን ያህል ነው። በ10,000 ዳልተን ሜምብሬን ከሞላ ጎደል ሁለቱም ይቀራሉ። ላቦራቶሪው የጠቅላላ ናይትሮጅኑን ቁጥር በቀጥታ በ6.38 አባዝቶ «ፕሮቲን» ብሎ ጽፎላችሁ ከሆነ፣ ያ ቁጥር ያመለጠ ፕሮቲን አይደለም።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅዎት። አጓቱ ወደ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ስንት ነው? የት፣ ለስንት ሰዓትና በምን ሙቀት ይቆያል? ቅባቱና የቺዝ ፍርፋሪውስ አስቀድሞ ይወጣል? አጓት ወደ ሜምብሬን ሲቀርብ ቅባቱ ከ0.05 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል።

ጠያቂ፦ ቺዝ ክፍል፣ ቢሾፍቱ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። የሞዛሬላው አጓት ሲወጣ ፒኤቹ 6.2 አካባቢ ነው፤ የአይቡ አጓት ደግሞ 4.3። ያለን ታንክ አንድ ብቻ ስለሆነ ሁለቱን እናደባልቃቸዋለን፤ ትናንት የተደባለቀውን ስለካው 5.2 ነበር። ታንኩ ማቀዝቀዣ የለውም፤ የጠዋቱ አጓት የከሰዓቱን እየጠበቀ አራት ሰዓት ያህል በ35 ዲግሪ ገደማ ይቆያል። ፍርፋሪውን በሻሽ እናጠልላለን። ክሬም መለያው ግን ሥራ ስለሚበዛበት አጓቱን በእርሱ አሳልፈን አናውቅም። ሞዛሬላው በሙቅ ውሃ ተዘርግቶ ሲቦካ የሚቀረውን ቅባት የበዛበት ውሃም እዚያው ታንክ ውስጥ ነው የምንጨምረው።

መልስ፦ ኦፕሬተር፣ ኔዘርላንድ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ በኔዘርላንድ በአንድ የአጓት ፋብሪካ የሜምብሬን ክፍል ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። መምህር ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ ነገር ግን ያቺን 5.2 የምትል ቁጥር ሳያት ወንበሬ ላይ መቀመጥ አልቻልኩም።

እያንዳንዱ ፕሮቲን የኤሌክትሪክ ሙላቱ ዜሮ የሚሆንበት የራሱ የአሲድነት ነጥብ አለው። ከዚያ ነጥብ በላይም ሆነ በታች ሲሆን ፕሮቲኖቹ እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ፤ በነጥቡ ላይ ግን መገፋፋቱ ይቀርና ይቀራረባሉ፣ ይጣበቃሉ፣ ከሜምብሬኑም ገጽ ጋር ይያያዛሉ። ከአጓት ፕሮቲን ግማሽ ያህሉን የሚይዘው የቤታላክቶግሎቡሊን ነጥብ ደግሞ 5.2 አካባቢ ነው። ብቻውን ቢሆን የሞዛሬላው አጓት በ6.2 ደህና ይሄዳል፤ የአይቡም በ4.3 ብቻውን ደህና ይሄዳል። እናንተ ግን ሁለቱን ደህና ነገሮች ቀላቅላችሁ ከሁሉ ወደሚከፋው ቦታ ወስዳችኋቸዋል። እንደ ቀጭን እርጎ የሚያሙለጨልጨው ሽፋን ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ ከሞዛሬላው መዘርጊያ ውሃ የሚገባው ቅባትም አግዞታል። ያን ውሃ ከዛሬ ጀምሮ ለብቻው ያድርጉት፤ ቅባቱን በክሬም መለያ ቢያወጡለት ለቅቤ ይሆናል።

አሸዋማው ሽፋን ግን ሌላ ታሪክ አለው። እሱ የካልሲየም ጨው ነው፣ ምናልባትም የመጣው ከአጓቱ ይልቅ ከእጥበቱ ነው። ካልሲየም ፎስፌትና ካልሲየም ካርቦኔት ፒኤች ሲጨምርና ሙቀት ሲጨምር መሟሟታቸው ይቀንሳል። ማሽኑ ውስጥ የአጓት ቅሪት እያለ፣ በዚያ ላይ ጠንካራ የጉድጓድ ውሃ ተጨምሮበት፣ ኮስቲክ ሶዳ ሲገባ ካልሲየሙ እዚያው ሜምብሬኑ ላይ ይወርዳል። በአሲድ ካልታጠበ በየቀኑ እየተደራረበ ይሄዳል፤ ማሽኑ የታጠበ ሲመስላችሁ በእጥበቱ እየደፈናችሁት ነበር። እኛ ጋ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ጥርት እስኪል በለብታ ውሃ ማጠብ፤ ቀጥሎ ፒኤቹ 11 አካባቢ በሆነ አልካሊ በ50 ዲግሪ ለግማሽ ሰዓት ማዞር፤ በውሃ ማጥራት፤ ከዚያ ፒኤቹ 2 አካባቢ በሆነ ናይትሪክ ወይም ሲትሪክ አሲድ ለ20 ደቂቃ ማዞር፤ እንደገና በውሃ ማጥራት፤ በመጨረሻም ሁለተኛ የአልካሊ ዙር። ፖሊኢተርሰልፎን በሁለተኛው የአልካሊ ዙር ጥቂት በረኪና ይችላል፤ ልኩን ከአምራቹ ጽሑፍ ላይ ይመልከቱ። ነገር ግን በረኪናና አሲድ በምንም መንገድ መገናኘት የለባቸውም፤ ሲገናኙ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሰው ይገድላል። በመካከላቸው ውሃው የሚፈስበትን ጊዜ የሚጠብቅና በወረቀት የሚፈትን አንድ ሰው ይመድቡ። ዙሩ ሲያልቅ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ሙቀትና ግፊት የንጹሕ ውሃውን ፍጥነት ለክተው ይመዝግቡ፤ ሜምብሬናችሁ ለመሞት ሲቀርብ አስቀድሞ የሚነግራችሁ ያ መዝገብ ነው።

ከመምህር የምለይበት አንድ ነገር ቢኖር የ50 ዲግሪው ምክር ነው። እኛ የምንሠራው በ10 ዲግሪ ነው። ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን ባክቴሪያው ይተኛል፣ የካልሲየም ፎስፌት መሟሟት ይጨምራል፣ ፕሮቲኑም ተፈጥሮውን እንደጠበቀ ይቆያል፣ ማሽኑም ሳይታጠብ ብዙ ሰዓት ይሠራል። በ50 ዲግሪ ቢሠራም ሙቀት ወዳድ ባክቴሪያዎች ከጥቂት ሰዓታት በኋላ መባዛታቸው አይቀርም።

መልስ፦ የምግብ ምህንድስና መምህር

ስለ ፒኤቹም ስለ አሸዋማው ሽፋንም የተሰጠው ትንታኔ ትክክል ነው፤ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልነበረኝም። በቀዝቃዛ የመሥራቱን ጥቅምም አልክድም። ነገር ግን ቢሾፍቱ ያለው ማሽን 12 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። 1,200 ሊትሩን ወደ 120 ለማውረድ 1,080 ሊትር ማሳለፍ ያስፈልጋል፤ በ10 ዲግሪ በካሬ ሜትር 15 ሊትር ቢያልፍ ስድስት ሰዓት ይፈጃል፣ አጓቱን ከ35 ወደ 10 ዲግሪ የሚያወርድ ማቀዝቀዣም ይጠይቃል። በ50 ዲግሪ ግማሽ በሚሆን ጊዜ ያልቃል። ስፋቱ ያለው ፋብሪካ በቀዝቃዛ ይሥራ፤ እርስዎ ግን አጓቱ እንደወጣ በክሬም መለያ አሳልፈው፣ በ72 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድ ፓስቸራይዝ አድርገው እርሾውን ካቆሙ በኋላ ሳያስቆዩ በ50 ዲግሪ ቢያጠልሉት ይሻላል።

ምን እንደሚያገኙም አስቀድመው ቢያውቁ ይጠቅማል። በሞዛሬላው አጓት ውስጥ እውነተኛው ፕሮቲን 0.6 በመቶ፣ ላክቶሱ 4.8 በመቶ ያህል ነው እንበል። ፈሳሹ ወደ አሥረኛው ሲወርድ ፕሮቲኑ ወደ 6 በመቶ ይወጣል፤ ላክቶሱ ግን ከውሃው ጋር እኩል ስለሚያልፍ እዚያው 4.8 አካባቢ ይቀራል። ስለዚህ ከቀሪው ደረቅ ነገር ግማሽ ያህሉ ፕሮቲን ይሆናል፤ ለእርጎ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ከዚህ በላይ ንጹሕ ፕሮቲን ለሚፈልግ ሰው ውሃ እየጨመሩ እንደገና ማጥለል ያስፈልገዋል፦ የሚወጣውን ያህል ውሃ እየጨመረ ከቀሪው መጠን ጋር እኩል የሆነ ውሃ ሲያሳልፍ ላክቶሱ ወደ 37 በመቶው ይወርዳል፣ እጥፉን ሲያሳልፍ ወደ 14፣ ሦስት እጥፉን ሲያሳልፍ ወደ 5 በመቶ። ወደዚያ የሚሄዱ ከሆነ ግን የጉድጓዱን ውሃ አስቀድመው ያስመርምሩ። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይድና ሲሊካ ይበዛባቸዋል፤ ውሃ እየተጨመረ በሚጠለልበት ጊዜ የአጓቱ ጨው በጨመርነው ውሃ ጨው ነው የሚተካው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ሕፃናት የሚበሉት እርጎ ውስጥ ይህን በቸልታ ማለፍ አይገባም።

የአይቡን አጓት በተመለከተ፣ በዓይነቱ ሌላ ፈሳሽ መሆኑን ላስታውስ። ሬኔት (ወተት የሚያረጋው ኢንዛይም) ስለማይገባበት፣ ሬኔት ከኬሲን (ከወተቱ ዋና ፕሮቲን) ቆርጦ ወደ አጓቱ የሚለቀው ፔፕታይድ በውስጡ የለም። አሲዱ ደግሞ በኬሲን ውስጥ የነበረውን ካልሲየም ስለሚያሟሟው ካልሲየሙ ከሞዛሬላው አጓት በእጥፍ ያህል ይበልጣል። ላክቲክ አሲዱ ስለሚበዛ ሲደርቅ የሚጣበቅ ዱቄት ይሆናል፤ በአሜሪካ የኒውዮርክ ክፍለ ግዛት የግሪክ ዓይነት እርጎ በተስፋፋ ጊዜ አምራቾቹን ያስቸገራቸው ይኸው አሲዳማ አጓት ነበር። በናኖፊልትሬሽን፣ ማለትም ከአልትራፊልትሬሽን በሚጠብ ሜምብሬን በማጥለል፣ ላክቲክ አሲዱን መቀነስ ይቻላል፤ እዚያም ሁኔታው ወሳኝ ነው። ፒኤቹ ወደ 3.9 በቀረበ መጠን ያለ ኤሌክትሪክ ሙላት የሚሆነው ላክቲክ አሲድ ስለሚጨምር በቀላሉ ያልፋል፤ ፒኤቹ ከፍ ሲል ግን ወደ ላክቴት ይለወጥና አሉታዊ ሙላት ያለው ሜምብሬን ይመልሰዋል።

መንገዴን ትንሽ ልሳት፦ በ1969 እ.ኤ.አ. ሞብዋ፣ ሞኮና ቫሳል የተባሉ የፈረንሣይ ተመራማሪዎች ቺዝ ከመሠራቱ በፊት ወተቱን ራሱን በአልትራፊልትሬሽን የማወፈር ዘዴ አውጥተው ነበር። በዚያ አሠራር የአጓቱ ፕሮቲን ከቺዙ ውስጥ ይቀራል፣ የሚወጣውም አጓት ያንሳል። ለስላሳ ቺዞች ይስማማል፤ ለአይባችን ቢሞከር ምን እንደሚሆን ተማሪዎቼ እንዲሠሩት ሁልጊዜ የምመኘው ጉዳይ ነው።

መልስ፦ የፍሳሽ ማከሚያ ባለሙያ

ውይይቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ስለዚያ ቦይ ማንም አላነሣም። ጠያቂው የጀመሩት ከሽታው ነውና እዚያ ላይ ግልጽ መሆን ይገባናል፦ አልትራፊልትሬሽን ብቻውን ቦዩን አያጸዳም።

የአጓት የብክለት ጉልበት የሚበዛው ከላክቶሱ ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ 46 ግራም ላክቶስ ካለ እሱን ብቻ ለማቃጠል 50 ግራም ያህል ኦክስጅን ይጠየቃል፤ ፕሮቲኑ የሚጨምረው 10 ግራም ያህል ነው። ፕሮቲኑን ወስዳችሁ ያለፈውን ፈሳሽ ብትደፉት ከአምስት እጅ አራቱን እንደ ቀድሞው እየደፋችሁ ነው። ጥርት ብሎ ስለሚታይ ንጹሕ ይመስላል፤ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ግን ባክቴሪያዎቹ ላክቶሱን ሲበሉ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፣ ዓሣውም ይሞታል። ከተራ የቤት ፍሳሽ ጋር ሲነጻጸር ጉልበቱ በመቶ እጥፍ ይበልጣል።

ስለዚህ የሚያልፈውን ፈሳሽ መድረሻ ከፕሮቲኑ ጋር አብራችሁ አስቡ። በናኖፊልትሬሽን ወይም በሪቨርስ ኦስሞሲስ (ከሞላ ጎደል ውሃን ብቻ በሚያሳልፍ ሜምብሬን) አሰባስቦ ላክቶሱን ማትረፍ ይቻላል፤ ላክቶስ 342 ዳልተን ስለሆነ ሁለቱም ይይዙታል። በሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚወጣው ውሃ በአግባቡ ከተያዘ ለማሽኑ የመጀመሪያ ማጠቢያ ይሆናል፣ የጉድጓዱን ጠንካራ ውሃ ችግርም ያቃልላል። ለዚህ አቅም ከሌለ ለአድላቢዎቹ መስጠቱን አታቋርጡ፤ ላክቶስ ለከብት ጥሩ የኃይል ምግብ ነው፣ ነገር ግን በአንድ ጊዜ በብዛት ከተሰጠ ጨጓራውን አሲድ ስለሚያደርግ ቀስ በቀስ ከገለባ ጋር መለመድ አለበት። ሦስተኛው ባዮጋዝ ነው። ላክቶስ ብቻውን ቶሎ ስለሚኮመጥጥ ገንዳውን ያቆመዋል፤ ከከብት እበት ጋር ሲቀላቀል ግን እበቱ አሲዱን ይችለዋል። ጋዙን ለማሞቂያችሁ ብትጠቀሙበት ለ50 ዲግሪው የምታወጡት ነዳጅ ይቀንስላችኋል።

ጠያቂ፦ ቺዝ ክፍል፣ ቢሾፍቱ

ሦስት ሳምንት ዘግይቼ በመመለሴ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ሞክሬ ውጤቱን ይዤ ልምጣ ብዬ ነው።

በመጀመሪያ ሜምብሬኖቹን በተነገረኝ ቅደም ተከተል አጠብናቸው። በሲትሪክ አሲዱ ዙር የወጣው ውሃ ደፍርሶ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ሲደገም ግን ጥርት አለ። የንጹሕ ውሃው ፍጥነት አዲስ ከነበረበት ወደ ዘጠኝ አሥረኛው ተመልሷል። ጥቅሉን አውጥቼ በጥፍሬ ፋቅሁት፤ ያ ሻካራ ነገር የለም። አዲስ ሜምብሬን ገዝተን ቢሆን ኖሮ እሱንም በዚያው እጥበት እንደፍነው ነበር።

ሁለቱን አጓቶች ለያየናቸው። የሞዛሬላውን በክሬም መለያ አሳልፈን፣ ፓስቸራይዝ አድርገን፣ በ50 ዲግሪና በ2 ባር ስናጠልለው በካሬ ሜትር 34 ሊትር ጀምሮ ሲያልቅ 24 ላይ ነበር፤ ሥራው በሦስት ሰዓት ከሩብ ተጠናቀቀ። ከመዘርጊያው ውሃ የወጣውን ክሬም ወደ ቅቤው ክፍል ልከነዋል። የቀረውን 120 ሊትር ወተቱ ለእርጎ ከመሞቁ በፊት ቀላቀልነው፤ በ90 ዲግሪ አብሮ ሲሞቅ ፕሮቲኑ ከኬሲኑ ጋር ስለሚያያዝ እርጎው ማንኪያ የሚያቆም ሆነ፣ ውሃውንም አልለቀቀም። የሚያልፈውን ፈሳሽ ለጊዜው ሁለት አድላቢዎች እየወሰዱት ነው፤ ቦዩ ከደረቀ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። ለባዮጋዙ ገንዳ ቦታ ለክተናል።

የቀረኝ የአይቡ አጓት ነው። ከሠራተኞቻችን አንዷ አሬራውን እስከ 50 ዲግሪ ብቻ ታሞቃለች፤ ሌላዋ ሊፈላ እስኪቀርብ ድረስ ትተወዋለች፤ ሁለቱም ጥሩ አይብ ያወጣሉ። ለሜምብሬኑ የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ የምግብ ምህንድስና መምህር

ዜናዎ በእጅጉ አስደስቶኛል። ለሜምብሬኑ በ50 ዲግሪ የወጣው ይሻላል፤ የአጓቱ ፕሮቲን ተፈጥሮውን እንደያዘ ስለሚቀር። ሊፈላ እስኪቀርብ ሲሞቅ ግን ከፕሮቲኑ ከፊሉ ተለውጦ ወደ አይቡ ሊገባ ይችላል፣ ሳይገባ የቀረውም ተጓጉሎ ሜምብሬን የሚደፍን ደቃቅ ፍርፋሪ ይሆናል። አይቡ ውስጥ የገባው ፕሮቲን ኪሳራ አይደለም፤ እንዲያውም ማሽን ሳይነካው ሰው ይበላዋል። ስለዚህ ከመወሰንዎ በፊት የሁለቱን ሴቶች አጓት ያወዳድሩ። ከእያንዳንዳቸው አንድ ሊትር ወስደው፣ በሻሽ አጥልለው፣ በጥቂት ሶዳ ፒኤቹን ወደዚያው ወደ 5.2 ያምጡትና አፍልተው ያቀዝቅዙት። ማሽኑን ያስቸገረው ነጥብ እዚህ ይጠቅማል፤ ያልተለወጠ ፕሮቲን ካለ ተሰብስቦ ይወርዳል። በንጹሕ ጨርቅ አጥልለው ይመዝኑት። ከሁለተኛዋ የሚወጣው እጅግ አነስተኛ ከሆነ የእርሷን አጓት ወደ ማሽኑ አያስገቡት፤ ለአድላቢዎቹ ይሂድ።